ጀማሪ ጀርመንኛና የቆላው ተማሪ የትምህርት ሸክም

(በመምህራን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




መተማ ዮሐንስ ሲነሣ በብዙ ሰው ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበት ጦርነት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሰሊጡ፣ የጥጡና የማሽላው እርሻ፣ ወደ ጋላባት የሚሻገረው ንግድ፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ሐሩር ይታሰባል። በዚያ ቆላ ስላለው የቋንቋ ትምህርት የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከቋራ እስከ ምዕራብ አርማጭሆ የሚያድግ ልጅ በጆሮው የሚያልፈው ቋንቋ ከብዙ የደጋ ልጆች ይበልጣል። ቤት ውስጥ አማርኛ ይናገራል፤ በአንዳንድ መንደር ጉሙዝኛ ይሰማል፤ ገበያ ሲወጣ የሱዳኑ ዐረብኛ ይጠብቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ቢሄድ ግዕዝ፣ ቁርኣን ቤት ቢቀመጥ የመጽሐፉ ዐረብኛ አለ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የዛሬው ንግግር የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ሁሉ ላይ ጀርመንኛ ልጨምር የሚል ተማሪ ቢመጣ መምህሩ ምን ይበለው?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ጀርመን የሠለጠነ የሰው ኃይል ከውጭ ለማስገባት ያወጣችው ሕግ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። የሙያ ሥልጠና፣ የነርስነት ሥራ፣ የከፍተኛ ትምህርት ዕድል የሚሉት ቃላት ከዋና ከተማው አልፈው ወደ ጠረፍ ከተሞች ደርሰዋል። ከባል ወይም ከሚስት ጋር ለመኖር ወደዚያ የሚሄድ ሰውም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በመርሕ ደረጃ የመጀመሪያውን የቋንቋ እርከን፣ ማለት ኤ አንድ የሚባለውን፣ ማስመስከር ይጠበቅበታል። ስለዚህ ወጣቱ ጀርመንኛን የሚጠይቀው እንጀራ አስቦ ነው። በዚህ ሊነቀፍ አይገባም። የጥንቱ የቆሎ ተማሪም አኮፋዳውን ይዞ ከደብር ወደ ደብር የዞረው ለነፍሱ ብቻ አልነበረም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም 3.3 በመቶ ነው። በተከታዩ ዓመትም ቁጥሩ በመሠረቱ አልተሻሻለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረዥም ጊዜ ተዘግተዋል፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የፈነዳው የሱዳን ጦርነትም ስደተኛውን በመተማ በኩል አምጥቶታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአሥር በላይ የትምህርት ዓይነት የተሸከመ ልጅ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ሲያነሣ አንዱን ጨምሮ ሁሉንም እንዳይጥል መፍራት ተገቢ ነው። ፍርሃቱ ግን ወደ ክልከላ ሊያመራ አይገባም። ሚዛኑ የት እንደሚገኝ ለማየት በመጀመሪያ ቋንቋው በዚህ አካባቢ ያለፈበትን መንገድ መቃኘት ይጠቅማል።

ጀርመንኛ ለጎንደር ምዕራብ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የቋራው ካሣ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ በጋፋት ያሰባሰቧቸው የእጅ ሙያተኞች አብዛኞቹ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና የሚሲዮን ተቋም የመጡ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራው በእነዚሁ ሰዎች እጅና በአገሬው ሠራተኞች ጉልበት ነው። ያው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከእስክንድርያ ተነሥቶ በካርቱም በኩል ኢትዮጵያ የሚደርስ የጣቢያዎች ሰንሰለት ሊዘረጋ አስቦ «የሐዋርያት ጎዳና» ብሎት ነበር። ከታሰቡት ጣቢያዎች አንዷ መተማ ነበረች። ጎዳናው እንደታሰበው አልተፈጸመም። ቢሆንም የዛሬው የመተማ ተማሪ ጀርመንኛ ሲያነብ በከተማው አፈር ላይ መጀመሪያ የተነገረበት አድርጎ እንዳያስብ ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

ከዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች በተለይ ይታወሳሉ። አንደኛው ከጣና ምዕራብ፣ ከቋራ አዋሳኝ ከአለፋ የተወለዱት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን ጋር ወጥተው በኢየሩሳሌም በሽኔለር ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በክሪሾና ተማሩ። ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ የያዙ ሰው ስለነበሩ በአፄ ምኒልክ ዘመን በአስተርጓሚነትና በመልእክተኛነት አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ አሜሪካ ከተላከው የደጃዝማች ናደው መልእክት አባላትም አንዱ ነበሩ። ሁለተኛው ሚካኤል አረጋዊ ናቸው። በሚሲዮናዊው በፍላድ ቤት አድገው፣ በክሪሾና ተምረው፣ ወደ ደምቢያ ተመልሰው በጀንዳ ለብዙ ዓመታት የመሩትን ሥራ ለአውሮፓ አለቆቻቸው ያስረዱ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ቋንቋውን የያዙበት ሁኔታ ለመምህር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የሽኔለር ትምህርት ቤት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበር፤ ልጆቹ ከመጽሐፉ ጋር ልብስ ስፌት፣ ጫማ ሥራ፣ ሸክላ ሥራና ማተሚያ ይማሩ ነበር። ክሪሾናም ቢሆን ተማሪው የእርሻና የእጅ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነበር። ጀርመንኛ በዚያ ራሱን የቻለ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ሳይሆን መርፌው የሚጠየቅበት፣ ሥራው የሚታዘዝበት፣ ስሕተቱ የሚታረምበት ቋንቋ ሆኖ ወደ ልጁ ገባ። ሸክሙ ያልከበደው ስለዚህ ነው። የመተማ ልጅ ግን ይህ ዕድል የለውም። በዙሪያው ጀርመንኛ የሚናገር የለም፤ ያለፈውን ሰው ምሳሌ ብቻ አቅርቦ «እንደ ከንቲባ ገብሩ ሁን» ማለትም ፍትሕ አይደለም።

ሌላም መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት የተላኩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ያህል ቋንቋውን ብቻ ይማሩ ነበር፤ የላይፕሲጉ ሄርደር ኢንስቲትዩት በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። አሠራሩ ግልጽ ነበር፤ ቋንቋው ከሌላ ትምህርት ጋር እንዳይጋፋ ለብቻው ጊዜ ተሰጠው። እንግዲህ ሁለት መንገዶች በታሪክ ይታያሉ፤ በቋንቋው ውስጥ መኖር፣ ወይም አንድ ሙሉ ዓመት ለቋንቋው መስጠት። የመተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁለቱም የሉትም። ያለው፣ ቢገኝ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ነው።

ግማሽ ሰዓት ብዙ እንዲሠራ የሚያደርገው ልጁ አስቀድሞ በራሱ ላይ የተሸከማቸው ቋንቋዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የጀርመንኛ ጀማሪ መጽሐፍ የሚዘጋጀው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው፤ የኛ አገር ተማሪም በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ይደርስበታል። ይህ በአንዳንድ ነገር ይጠቅማል፤ በብዙው ግን ያደክማል። በአማርኛ በኩል በቀጥታ ቢኬድ መንገዱ በብዙ ቦታ ያጥራል።

አንድ ምሳሌ የአክብሮት አጠራር ነው። እንግሊዝኛ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ተውላጠ ስም ሲጠቀም ጀርመንኛ «ዱ» እና «ዚ» ብሎ ይለያል። ለእንግሊዝ ልጅ ይህ አዲስ ትምህርት ነው። የጎንደር ልጅ ግን አንተና እርስዎን ገና አፉን ሲፈታ ያውቃቸዋል። ከዚህም አልፎ ግሡ ይመሳሰላል። በአማርኛ «እነርሱ ይመጣሉ» እና «እርስዎ ይመጣሉ» ሲባል ግሡ አንድ ነው። በጀርመንኛም «ዚ ኮመን» ማለት እነርሱ ይመጣሉም፣ እርስዎ ይመጣሉም ነው፤ በጽሕፈት የሚለየው የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ በመሆኑ ብቻ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ያሳየ መምህር በመጽሐፉ ሁለት ገጽ የሚፈጀውን ማብራሪያ በሁለት ደቂቃ ጨረሰ።

ሁለተኛው የተሳቢው ጉዳይ ነው። «ዴር ሌረር ኮምት» ማለት መምህሩ ይመጣል ነው። «ኢኽ ዜሄ ዴን ሌረር» ሲል ደግሞ መምህሩን አያለሁ ማለት ነው። «ዴር» የነበረው «ዴን» ሆነ። እንግሊዝኛ ይህን የሚያሳይበት ምልክት የለውም፤ አማርኛ ግን «መምህሩ» እና «መምህሩን» ብሎ በዚያችው በ«ን» ይለየዋል። የድምፁ መመሳሰል የአጋጣሚ ነው፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም። ለማስታወስ ግን ከዚህ የተሻለ መያዣ አይገኝም። ለውጡ የሚታየው በተባዕት ጾታ ነጠላ ላይ ብቻ መሆኑን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ተማሪው «ን»ን በሁሉም ላይ ይለጥፋል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚጠቅመው የግሡ ቦታ ነው። ጀርመንኛ በጥገኛ ሐረግ ግሡን ወደ መጨረሻ ይገፋል። «ቫይል ዴር ሌረር ሆይተ ኒኽት ኮምት» የሚለው ቃል በቃል ቢታይ «ምክንያቱም መምህሩ ዛሬ አይመጣም» ይሆናል፤ ግሡ ከመጨረሻ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ እዚህ ላይ ዓመት ሙሉ ይደናቀፋል። አማርኛ ተናጋሪው ግን «መምህሩ ዛሬ ስለማይመጣ» ሲል ግሡን ሁልጊዜ ከመጨረሻ የሚያስቀምጥ ስለሆነ ሊፈራ አይገባውም። አስቸጋሪው ተቃራኒው ነው፤ በዋናው ዓረፍተ ነገር ግሡ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይቀመጣል። «ሆይተ ኮምት ዴር ሌረር» ሲባል ዛሬ የሚለው ቀድሞ ስለመጣ መምህሩ ከግሡ በኋላ ይሄዳል። ይህ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የለም። ስለዚህ የልምምዱ ጊዜ እዚህ ላይ ቢውል ይገባዋል፤ ተማሪው ከሚያውቀው ጋር በሚመሳሰለው ላይ ግን ጊዜ ማባከን የለበትም።

የድንበሩ ልጅ ከደጋው ልጅ የሚበልጥበት አንድ ነገርም አለ፤ ይኸውም የገበያው ዐረብኛ ነው። ጀርመንኛ ቁጥር ሲቆጥር አሃዱን አስቀድሞ ዐሥሩን ያስከትላል፤ 21 ማለት «አይን ኡንት ጽቫንጺኽ» ነው፤ አንድና ሃያ። ይህ ለብዙ ጀማሪ የስልክ ቁጥር በሰማ ቁጥር የሚያሳስት ወጥመድ ነው። በመተማ ገበያ ሰሊጥ ሲመዘን ያደገ ልጅ ግን «ዋሒድ ወዒሽሪን» የሚለውን ያውቃል፤ ሥርዓቱ ያው ነው። ቡኽ፣ ናኽት በሚሉት ቃላት ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅም በዐረብኛው ኻእ ይገኛል። ተማሪው «ቡክ» ብሎ ወደ እንግሊዝኛው እንዳይሸሽ ይህ ይረዳዋል።

እንግሊዝኛም ድርሻ አለው፤ ድርሻው የቃላት ነው። ሃውስ፣ ሃንት፣ ፊንገር፣ ቫሰር፣ ሚልኽ የመሳሰሉት ዘመዳቸውን በእንግሊዝኛ ስለሚያገኙ በአንድ ንባብ ይያዛሉ። ጥንቃቄ የሚያሻቸውም አሉ። «ጊፍት» በእንግሊዝኛ ስጦታ ሲሆን በጀርመንኛ መርዝ ነው። በተጨማሪም ፊደሉን በእንግሊዝኛ ድምፅ ማንበብ መጥፎ ልማድ ነው፤ እኛ የሚለው ቃል «ዊር» ሳይሆን «ቪር» ይባላል። ይህ ስሕተት በመጀመሪያው ሳምንት ካልተነቀለ ከዚያ በኋላ ሥር ይሰዳል። «ኢ»ን እያሉ ከንፈርን እንደ «ኡ» ማሞጥሞጥ የሚያወጣውን ድምፅ ደግሞ ከየትኛውም ቋንቋ መዋስ አይቻልም፤ መስተዋት ይዞ መለማመድ ብቻ ነው።

ምንም አቋራጭ የሌለው ጾታ ነው። «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው መሸምደድ አለባቸው። ፀሐይ በጀርመንኛም እንደ አማርኛው ሴት ናት፤ ጨረቃ ግን ወንድ ነው፤ ልጃገረድ ደግሞ ሴትም ወንድም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ ትይዛለች። ይህን ለማስረዳት መሞከር ሰዓት ያጠፋል። እዚህ ላይ የአገሩ የቆየ የማስተማር ዘዴ ይሻላል። በግዕዝ ቤት የኔታ የትናንቱን ሳያስደግሙ አዲስ አይሰጡም፤ በቁርኣን ቤትም በሉሕ ላይ የተጻፈው የሚታጠበው ከተሸመደደ በኋላ ነው። ሁለቱም ትንሽ በትንሽ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ በየቀኑ ይላሉ። በመተማ ያለ ተማሪ ጀርመንኛ ቃላትን በዚህ ሥርዓት ቢይዝ፣ ማለት አንድ ትንሽ ደብተር፣ በቀን አራት ስም ከነጾታቸው፣ ካልተያዘ የማይገለጥ ገጽ ቢያደርግ፣ ከማንኛውም አዲስ ብልሃት ይልቅ ይጠቅመዋል። ኢንተርኔት ሲኖር የዶይቸ ቬለን «ኒኮስ ቬግ» የተባለ በነፃ የሚሰጥ ትምህርት ማየት መልካም ነው፤ መስመሩ ለወራት በሚቋረጥበት አካባቢ ግን ደብተሩ ዋና መሆን አለበት።

አሁን ወደ ጊዜው ስሌት መምጣት ይገባል፤ የሚዛኑ ነገር በመጨረሻ የሚወሰነው በዚህ ነውና። ጐቴ ኢንስቲትዩት ኤ አንድ ላይ ለመድረስ እንደ ተማሪው ሁኔታ ከ80 እስከ 200 የባለ 45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። በእርከኑ የሚጠበቀው የቃል ብዛት 650 ያህል ነው። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት የሚያጠና ልጅ በ20 ሳምንት 50 ሰዓት ያገኛል፤ ይህም 66 ክፍለ ጊዜ ያህል ይሆናል። በሁለት ዓመት 130 ይደርሳል። በቀን አራት ቃል ቢይዝም በሁለቱ ዓመት 800 ገደማ ያነሣል፤ የሚረሳው ሲቀነስ ከሚፈለገው ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ነገሩ የሚቻል ነው፤ የሚቻለው ግን በሁለት ዓመት ነው፤ በሦስት ወር አይደለም።

ሃያው ሳምንት የት እንደሚገኝም መታወቅ አለበት። ትምህርት የሚጀመረው በመስከረም ነው፤ ተማሪውም በአዲስ ዓመት ስሜት ጀርመንኛን በመስከረም ይጀምራል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ቆላ ሰሊጥ የሚታጨደው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሲሆን፣ ሰሊጥ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ስለሚረግፍ ቤተሰቡ ልጁን ይፈልገዋል። የደጋው የቀን ሠራተኛ ቢመጣም የቤቱ ልጅ አይቀርም። በጥቅምት ሁለት ሳምንት ከክፍል የቀረ ተማሪ ሲመለስ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን ለማካካስ ይሮጣል፤ ጀርመንኛው በዚያው ይቀራል፤ በመንፈሱም «ለኔ አልተፈጠረም» የሚል ይተውበታል። አልተፈጠረለትም ሳይሆን የጊዜው ምርጫ ተሳስቷል። መጀመሪያው ታኅሣሥ ቢሆን፣ ማጠቃለያውም ሚያዝያ ቢሆን፣ አጨዳውም የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተናም አይነኩትም። በግንቦትና በሰኔ ደብተሩ ይታጠፍ። ክረምት ደግሞ የአረም ወቅት ነው፤ ልጁ በሥራ ላይ ሆኖ የያዛቸውን ቃላት በአፉ ከመድገም በቀር አዲስ አይጨምር።

የቀኑ ሰዓትም ያው ጥንቃቄ ይሻል። በመጋቢት ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚወጣበት አገር ከቀትር በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አዲስ ሰዋስው መያዝ አይቻልም። ግማሽ ሰዓቱ ቢከፈል፣ ሩቡ ከማለዳው ትምህርት በፊት ለንባብ ድምፅ፣ ሩቡም ማታ ለጽሕፈት ቢሆን ይሻላል። ውኃ የምትቀዳውና ወጥ የምትሠራው ሴት ተማሪ ይህችን ግማሽ ሰዓት ከየት ታገኛለች የሚለው ጥያቄ ደግሞ በዘዴ ብቻ አይመለስም፤ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር ይጠይቃል። የምትተወው ሥራ ካልተገኘላት ጀርመንኛው የሚወስደው ከእንቅልፏ ነው፤ ከእንቅልፍ የተወሰደ ደግሞ በፊዚክስ ክፍል ይከፈላል።

ከሁሉም በላይ ግልጽ መባል ያለበት አንድ ነገር አለ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጀርመንኛን ሊጀምር አይገባም። ይህ ጠንካራ አነጋገር እንደሆነ ይታወቃል፤ ምክንያቱ ግን በስሌት ይታያል። የሙያ ሥልጠና የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ቢ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ለቢ አንድ ከመጀመሪያው ተቆጥሮ ከ350 እስከ 650 ክፍለ ጊዜ እንደሚያስፈልግ ያው ተቋም ይገልጻል። በዓመት 66 ክፍለ ጊዜ የሚያገኝ ልጅ ወደዚያ ለመድረስ ቢያንስ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ሁለተኛ ደረጃውን የጨረሰ ወጣት ግን ሙሉ ቀኑን ሰጥቶ በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ ቢማር ያንኑ ከ14 እስከ 26 ሳምንት ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ሳለ የሚጣለው መሠረት ብቻ ነው፤ ግንቡ የሚነሣው ከፈተናው በኋላ ነው። የትምህርት ማስረጃውም በዚያው በጀርመን በር ላይ ይጠየቃል። በ12ኛ ክፍል ቋንቋውን ጨብጦ ፈተናውን የጣለ ልጅ ሁለቱንም ያጣል። «በሦስት ወር ጀርመንኛ ቪዛ ይመጣል» የሚል ተስፋ ለቤተሰቡ ሲሸጥ፣ ሰሊጡም ለዚያ ክፍያ ሲሸጥ፣ ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማሳየት የሚችል በከተማው ከመምህሩ የተሻለ ሰው የለም።

ተገቢው ጊዜ እንግዲህ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ያለ ተማሪ የያዘውን እንዳይረሳ በሳምንት አንድ ቀን ቢመለከተው ይበቃል። ከጅምሩም አንድ መለኪያ ይኑር፤ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ውጤቱ በመንፈቀ ዓመቱ ከቀድሞው ከወረደ ጀርመንኛው እስከሚቀጥለው ታኅሣሥ ይቆይ። ይህ ቅጣት እንዳልሆነ ለልጁ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ፈተናውን በሚመለከት፣ ጐቴ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያለ ሲሆን ከመተማ ወደዚያ ያለው መንገድ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጉዞው ገንዘብም ሥጋትም ስላለበት ተማሪው ለሙከራ ብሎ ሊሄድ አይገባም። ከ100 ነጥብ 60 ማግኘት ግዴታ ነው፤ መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ሁሉም አሉበት። መናገሩ በቡድን ሲሆን የሚጀምረው ራስን በማስተዋወቅ ነው። ተፈታኙ ስሙን ፊደል በፊደል እንዲጠራና ቁጥር እንዲናገርም ይጠየቃል። ከላይ የተነሣው የገበያው አቆጣጠር እዚህ ያገለግላል። ስሙን በሚመለከት ግን አንድ ሥራ ለመምህሩ ይቀራል፤ ጸ፣ ጠ፣ ቀ እና ኧ ያሉበት የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ ልጁ በክፍል መዝገብ አንድ፣ በመታወቂያው ሌላ፣ በደብተሩ ሦስተኛ ዓይነት ይዞ ይገኛል። በዘጠነኛ ክፍል በታኅሣሥ፣ የመጀመሪያው ትምህርት በሚሰጥበት ቀን፣ የትኛው እንደሚጸና ተወስኖ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ የጀርመንኛ ፊደላትን አጠራርም ልጁ በራሱ ስም ይጀምር።